ሎጎ ወይስ ማስኮት? ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክታችሁ የምትመርጡበትና የምታዘጋጁበት መመሪያ

«ለፕሮጀክታችን ሎጎ ይሻለናል ወይስ ማስኮት?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ከሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ኮዳቸው መሥራት የጀመረላቸው፣ የመጀመሪያውን ይፋዊ ቅጂ ሊለቁ የተቃረቡ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚያስነሣው ከተጠቃሚዎች አንዱ የሚያምር እንስሳ ሥሎ መላኩ ነው። ሥዕሉን ወደውታል፤ የት እንደሚያስቀምጡት ግን ይቸግራቸዋል። መመሪያው ለእነሱም ከባዶ ለሚጀምሩትም ይሆናል።

ቃላቱን አስቀድመን እንለያቸው። ሎጎ ምልክት ነው። ያየው ሰው ስም ሳያነብ ፕሮግራሙን እንዲያውቀው ያደርጋል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ማስኮት ግን ገጸ ባሕርይ ነው፤ ዓይን አለው፣ ይቆማል፣ ይተኛል፣ ልብስ ይቀይራል፣ ስም ይወጣለታል። ሎጎ የሚጠነክረው ሳይለወጥ ሲደጋገም ነው፤ ማስኮት የሚጠነክረው ብዙ ሰው በየእጁ ሲሥለውና ሲለዋውጠው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው።

ረስት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳያል። ሎጎው በጥርሳም መዘውር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፊደል ነው። ፌሪስ የተባለው ብርቱካናማ ሸርጣን ደግሞ ይፋዊ ባይሆንም ማኅበረሰቡ የራሱ ያደረገው ማስኮት ነው። መዘውሩን ማንም ሲነካካው አይታይም፤ ሸርጣኑን ግን ሰዎች ሹራብ ያለብሱታል፣ በክር ይሠሩታል፣ በትምህርት ገጾች ላይ ግራ ሲጋባና ሲደነግጥ ይሥሉታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ወረቀት፣ እርሳስ እና ወፍራም ጥቁር ማርከር
• ለሎጎው ኢንክስኬፕ ወይም ሌላ የቬክተር መሣያ ፕሮግራም
• ለማስኮቱ ክሪታ ወይም ጊምፕ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም (ማስኮት ከወሰናችሁ ብቻ)
• ከእንግዲህ የማይለወጥ የፕሮጀክት ስም
• አንድ ኮምፒውተርና አንድ ስልክ፤ ምልክቱ በሁለቱም መታየት አለበት
• የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ማንነታቸው አስቀድሞ የታወቀ
• ከሠዓሊው ጋር የምትፈራረሙት ወይም በኢሜይል የምታጸኑት አጭር ስምምነት
• ፕሮጀክቱን የማያውቁ አምስት ሰዎች (ደረጃ 8 ላይ ትፈልጓቸዋላችሁ)

ስሙ ካልጸና አትጀምሩ። ስም ሲለወጥ በፊደል ላይ የተመሠረተ ሎጎ ሙሉ በሙሉ ይጣላል፣ በስሙ ትርጉም ላይ የተመሠረተ ማስኮትም ትርጉም ያጣል።

ደረጃ 1፦ ምልክቱ የሚታይባቸውን ቦታዎች ጻፉ

ከመሣል በፊት ዝርዝር አውጡ። ከእያንዳንዱ ቦታ ጎን መጠኑን በፒክስል አስቀምጡ። ብዙ ፕሮጀክቶች ላይ ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

• የብራውዘር ታብ፦ 16×16 እና 32×32
• በሊኑክስ ዴስክቶፕ የፕሮግራሞች ዝርዝር፦ ቢያንስ 48×48
• ስልክ ላይ የሚጫን የድር መተግበሪያ፦ 192×192 እና 512×512
• የጊትሃብ ሪፖዚተሪ (የኮዱ ማከማቻ) ሊንክ ሲጋራ የሚወጣው ምስል፦ 1280×640
• የሰነዶቹ ገጽ ራስጌ፣ በብርሃንም በጨለማም ዳራ
• ስቲከር፣ ቲሸርት፣ የገለጻ ስላይድ

ይህ ለምን ይቀድማል? 16×16 ማለት በጠቅላላው 256 ነጥብ ነው። በ256 ነጥብ ውስጥ ሁለት ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጅራትና በእጁ የያዘው ቁልፍ አይገቡም፤ የሚታየው ቡናማ ጠብታ ነው። ዝርዝራችሁ በትንንሽ ቦታዎች ከተሞላ ሎጎ ትፈልጋላችሁ። ስቲከርና የትምህርት ገጽ፣ የማኅበረሰብ ስብሰባና የገለጻ ስላይድ ከበዛበት ለማስኮት ቦታ አለ።

ፕሮጀክታችሁ በትእዛዝ መስመር ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ወይም ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ላይብረሪ ከሆነ ዝርዝሩ በጣም አጭር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በጥሩ ፎንት የተጻፈ ስም ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ነው። ይህን ስል ብዙዎች ቅር ይላቸዋል፤ ነገር ግን ማንም በማያይበት ቦታ ለሚቀመጥ ምልክት የምታጠፉት ወር ሰነድ ቢጻፍበት ተጠቃሚዎቻችሁ ይጠቀማሉ።

ደረጃ 2፦ ሦስት ጥያቄዎችን መልሱና ወስኑ

መልሱን በቃል አትተዉት፤ ጻፉት። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ አበርካች «ለምን እንዲህ ሆነ?» ሲል የምታሳዩት ይኖራችኋል።

አንደኛ፦ የማናውቀው ሰው ምልክታችንን ባርኔጣ አልብሶ፣ ቀለሙን ቀይሮ ቢያወጣው ደስ ይለናል ወይስ ይከፋናል? ደስ የሚላችሁ ከሆነ በአእምሯችሁ ያለው ማስኮት ነው። የሚከፋችሁ ከሆነ ሎጎ ነው። ከሦስቱ ጥያቄዎች ይህ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይወስናል። ቡድኑ ውስጥ ግማሹ ደስ ይለዋል፣ ግማሹ ይከፋዋል ከተባለ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያሰባችሁ ስለሆነ ሁለቱንም ለየብቻ አድርጉ።

ሁለተኛ፦ ማን ደጋግሞ ይሥለዋል? ሎጎ አንዴ ተሥሎ ያልቃል። ማስኮት አያልቅም፤ ለአዲስ ቅጂ፣ ለበዓል፣ ለስብሰባ አዲስ አቋም ይጠየቃል። ቢያንስ አንድ ፈቃደኛ ሠዓሊ ከሌላችሁ፣ ወይም ማንም በቀላሉ ሊሥለው የሚችል ቀላል ቅርጽ ካልሆነ፣ ያው አንድ ሥዕል ለዓመታት እየተለጠፈ ይቀራል። ይህ ከሆነ ማስኮት አላችሁ ማለት አይቻልም፤ ለሎጎነት የማይመች ትልቅ ሎጎ ነው ያላችሁ።

ሦስተኛ፦ ሶፍትዌሩን ሰው የሚያገኘው በምን ስሜት ውስጥ ሆኖ ነው? ለመማሪያ፣ ለጨዋታ፣ ለመሣያና ለፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማስኮት መግቢያውን ያቀልላል፤ ጀማሪው አይፈራም። የታመመ ሰው መረጃ የሚያሳይ፣ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ወይም አደጋ የሚያስጠነቅቅ ፕሮግራም ላይ ግን የሚስቅ እንስሳ ከሰውየው ሁኔታ ጋር ይጋጫል። እዚያ ላይ ሎጎ ብቻ ተጠቀሙ፤ ማስኮት ካላችሁም በአበርካቾች ገጽና በስቲከር ላይ ይወሰን።

ከመልሶቹ አራት መንገዶች ይወጣሉ፦

ሀ) ሎጎ ብቻ። ለብዙ ፕሮጀክቶች ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው።
ለ) ሎጎ አሁን፣ ማስኮት በኋላ። ማኅበረሰቡ ሲያድግና ሠዓሊ ሲገኝ።
ሐ) ሁለቱም ለየብቻ። እንደ ረስት።
መ) ከማስኮቱ የተቀዳ ሎጎ። አስቀድሞ የተወደደ ገጸ ባሕርይ ላላቸው።

«መ»ን በደንብ የሚያሳየው ፍሪቢኤስዲ የተባለው ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ነው። ለረጅም ጊዜ መታወቂያው ቢስቲ የተባለው ሹካ የያዘ ትንሽ ዲያብሎስ ነበር። በ2005 ለሎጎ ውድድር ተከፈተ፤ የተመረጠውም ሁለት ቀንድ ያለው ቀይ ሉል ነው። ሉሉ ሎጎ ሆነ፣ ቢስቲ በማስኮትነቱ ቀጠለ። ከገጸ ባሕርዩ የተወሰደው አንድ ነገር፣ ቀንዱ ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ ማስኮታችሁን አስቡና «ሁሉም ነገር ጠፍቶ አንድ ብቻ ቢቀር የትኛው ያሳውቀዋል?» በሉ። ጆሮው? ጅራቱ? ያ ነው ሎጎው።

ማስኮት ብቻ ይዞ ያለ ሎጎ መቆየትን አልመክርም። ትንንሾቹ ቦታዎች ይቀጧችኋል።

ደረጃ 3፦ የሚመስለውን ፈልጉ

ሐሳቡ ላይ ከተስማማችሁ በኋላ፣ መሣል ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰዓት ለፍለጋ ስጡ። ከተወደደ በኋላ የሚጣል ሥዕል ከባድ ጠብ ያመጣል፤ ፍለጋው የሚቀድመው ለዚህ ነው።

1. ስሙንና የእንስሳውን ስም ከ«ክፍት ምንጭ» ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ። ፔንግዊን ሊኑክስን፣ ዝሆን ፖስትግሬስኪውኤልንና ፒኤችፒን፣ ዓሣ ነባሪ ዶከርን፣ የባሕር ዶልፊን ማይኤስኪውኤልን ያስታውሳሉ። እነዚህን እንስሳት መጠቀም ክልክል ባይሆንም ሰው ከእነሱ ጋር ያያይዛችኋል።
2. የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በነጻ ያቀረበውን የዓለም አቀፍ ብራንዶች የመረጃ ቋት ክፈቱ። በስም ብቻ ሳይሆን ምስል በመጫንም መፈለግ ይቻላል። ሶፍትዌር በአብዛኛው በክፍል 9፣ የሶፍትዌር አገልግሎት ደግሞ በክፍል 42 ይመዘገባል፤ ሁለቱንም እዩ።
3. የመጀመሪያው ረቂቅ ሲወጣ በምስል መፈለጊያ ድጋሚ ሞክሩት።

የፐርል ቋንቋን ጉዳይ እዚህ ላይ አስታውሱ። ብዙ ሰው ፐርልን በግመል ያውቀዋል፤ ግመሉ ግን የመጣው ኦራይሊ ካሳተመው መጽሐፍ ሽፋን ሲሆን የንግድ ምልክትነቱም የአሳታሚው ነው። የፐርል ፋውንዴሽን ሎጎ ለዓመታት ሽንኩርት ነበር። ሰዎች የሚያውቋችሁበት ምልክት የሌላ ወገን ንብረት ከሆነ በራሳችሁ ፊት ላይ ሥልጣን የላችሁም።

ደረጃ 4፦ ሎጎውን በጥቁርና በነጭ ጀምሩ

ወረቀት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ሃያ ሣጥኖች አስምሩና በእያንዳንዱ ውስጥ በወፍራሙ ማርከር ሣሉ። ወፍራም ማርከርና ጠባብ ሣጥን የሚያስፈልጉት ዝርዝር ለመጨመር እንዳይመቻችሁ ነው። ቀለም አትንኩ። ቀለም ደካማ ቅርጽን ይሸፍናል፤ ምልክቱ በአንድ ቀለም ሲታተም፣ በብረት ላይ ሲቀረጽ ወይም በዴስክቶፕ መሣሪያ አሞሌ ላይ ባለ አንድ ቀለም ሲሆን ሽፋኑ ይገለጣል።

ከሃያዎቹ ሦስት ምረጡ፤ ኢንክስኬፕ ላይ አስገቧቸውና በ16 ፒክስል አውጥታችሁ እዩ። ከዚያ ስልኩን ክንድ ያህል አርቃችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሦስቱም ክብ ነጠብጣብ ከመሰሉ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ቀለም የምትጨምሩት ይህን ፈተና ላለፈው ብቻ ነው፤ ሁለት ቀለም ይበቃል። ሁለቱን ቀለሞች ወደ ግራጫ ቀይራችሁ እዩ። በግራጫ አንድ ከሆኑ ቀለም መለየት ለሚቸግረው ሰው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ማስኮት ከሆነ የገጸ ባሕርይ ገጽ አዘጋጁ

ሎጎ ብቻ የመረጣችሁ ይህን ዝለሉት።

ብዙ ፕሮጀክቶች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ አንድ የሚያምር ሥዕል ይቀበሉና «ማስኮት አለን» ይላሉ። አንድ ሥዕል ለሌላ ሠዓሊ አይበቃም፤ ከጀርባ ምን እንደሚመስል፣ ሲቀመጥ እግሩ የት እንደሚገባ አይነግረውም። የሚያስፈልገው የሚከተሉት የሚገኙበት ገጽ ነው፦

1. ገጸ ባሕርዩ ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ፣ በተመሳሳይ ቁመት።
2. ቁመቱ በጭንቅላቱ ሲለካ ስንት እንደሆነ (ሁለት ጭንቅላት፣ ሁለት ተኩል…)። ሰው ሲሥለው ቶሎ የሚዛባው ይህ ነው።
3. አራት ስሜቶች፦ መደበኛ፣ ደስተኛ፣ ግራ የተጋባ፣ በሥራ የተጠመደ።
4. አንድ ዕቃ የያዘ አቋም። ማስኮት ላፕቶፕ፣ ባንዲራ፣ ኬክ እንዲይዝ ይጠየቃል፤ እጁ መያዝ ካልቻለ ሠዓሊው ሁሉ የየራሱን እጅ ይፈጥርለታል።
5. የቀለሞቹ ኮድ።
6. የማይለወጡ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ።

ስድስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። «ትልልቅ ክብ ዓይኖች፣ አንድ የተጣመመ ጆሮ፣ ጅራት የለውም» ብላችሁ ሦስት ብቻ ስትጽፉ የቀረውን ሁሉ ለሰዎች እየሰጣችሁ ነው። አሥራ አምስት ብትጽፉ ማንም አይሥለውም፤ ሦስትም ባትጽፉ በዓመቱ የተለያዩ አምስት እንስሳት ይኖሯችኋል። ጎ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማስኮት፣ ሰማያዊውን ጎፈር (አይጥ መሰል እንስሳ) የሣለችው ሬኔ ፍሬንች እንዲህ ያለ የገጸ ባሕርይ ገጽ አዘጋጅታለታለች፤ በሺህ ሰው እጅ ተሥሎም ጎፈርነቱ የማይጠፋው ቅርጹ እጅግ ቀላል፣ መለያውም ግልጽ ስለሆነ ነው።

ስም ስጡት። ስም ያለው ገጸ ባሕርይ ይጠራል፣ ይፈለጋል፣ ይታወሳል። ስሙ በብዙ ቋንቋ በቀላሉ የሚጠራ አጭር ቃል ይሁን። ለድምፅ ምርጫ ማቅረብ ከፈለጋችሁ ያቀረባችሁት ስሙ ይሁን፤ ቅርጹን በድምፅ ብልጫ አትሥሩ።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ሥሩ

1. ዋናው ፋይል ኤስቪጂ ይሁን። ቬክተር (በነጥቦች ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የተሠራ) ስለሆነ ከታብ እስከ ግድግዳ ባነር ያለ መደብዘዝ ይሰፋል። በነጥቦች የተሠራው ፒኤንጂ ብቻ ካላችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ለባነር የሚሆን ፋይል አታገኙም።
2. በሎጎው ውስጥ ጽሑፍ ካለ ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲን አብራችሁ ተጫኑ። ካልቀየራችሁት ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ሎጎውም ሌላ ይሆናል። ሊታረም የሚችለውን ቅጂ ግን ለብቻ አስቀምጡ።
3. ለብርሃን ዳራ አንድ፣ ለጨለማ ዳራ አንድ፣ ባለ አንድ ቀለም አንድ፣ በድምሩ ሦስት ዓይነት አውጡ። ጥቁር ጽሑፍ ያለው ሎጎ በጨለማ ገጽ ላይ ይጠፋል።
4. ለስልክ አይከን ዋናውን ቅርጽ መካከል ላይ ባለ፣ ስፋቱ የካሬው ጎን 80% በሆነ ክብ ውስጥ ወስኑት። ስልኮች አይከኑን በክብ፣ በጠብታ ወይም በተጠጋጋ ካሬ ስለሚቆርጡት ከክቡ የወጣ ጆሮ ይቆረጣል።
5. በ16 ፒክስል ያልተሳካ ከሆነ ለዚያ መጠን ብቻ ዝርዝሩን ቀንሳችሁ ለየብቻ ሣሉ። ማጭበርበር አይደለም፤ የአይከን ባለሙያዎች ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው።

ደረጃ 7፦ ፈቃዱን ለየብቻ ወስኑ

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ደረጃ ሳትጨርሱ ምልክቱን ይፋ አታድርጉ። ከተሠራጨ በኋላ ፈቃድ ማጥበቅ ሰው ያስቆጣል፣ ሠዓሊውን ፈልጎ ማስፈረምም ላይቻል ይችላል።

ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። የቅጂ መብት ሥዕሉን መቅዳትንና መለወጥን ይመለከታል። የንግድ ምልክት ደግሞ ምልክቱ «ይህ የእነሱ ነው» ብሎ የሚሰጠውን ማረጋገጫ ይመለከታል። አንዱን መፍቀድ ሌላውን መፍቀድ አይደለም። ለኮድ የሚውለው የአፓቼ 2.0 ፈቃድ በክፍል 6 የንግድ ምልክትን እንደማይፈቅድ ይናገራል፤ ለሥዕልና ለጽሑፍ የሚውሉት የክሪኤቲቭ ኮመንስ 4.0 ፈቃዶችም የንግድ ምልክትን አይጨምሩም። ስለዚህ ሥዕሉን በነጻ ሰጥታችሁ፣ ሰው በስማችሁ የተበላሸ ቅጂ እንዳያሠራጭ መከልከል ትችላላችሁ።

የምመክረው እንዲህ ነው፦

ለማስኮቱ፦ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 (ሠዓሊውን መጥቀስ የሚጠይቅ) ወይም ሲሲ ዜሮ (ምንም የማይጠይቅ)። ማስኮት የሚኖረው ሲለወጥ ነው፣ ፈቃዱም ይህን መፍቀድ አለበት። የጎ ጎፈር ሠዓሊዋን በመጥቀስ ይሠራበታል፤ ፌሪስ የሁሉም ሀብት ተደርጎ ተለቋል። ላሪ ኢዊንግ በ1996 በጊምፕ የሣለው የሊኑክሱ ፔንግዊን ተክስም ማንም ሊጠቀምበትና ሊለውጠው ይችላል፤ የተጠየቀው እሱና ጊምፕ እንዲጠቀሱ ብቻ ነው።

ለሎጎው፦ የቅጂ መብቱን በነጻ ፈቃድ ስጡ፣ ከጎኑ አንድ ገጽ የማይሞላ የንግድ ምልክት መመሪያ አኑሩ። መመሪያው «ሁልጊዜ የተፈቀደ»ን ያስቀድም፦ ስለ ፕሮጀክቱ መጻፍ፣ ሊንክ ማድረግ፣ ሳይለወጥ በሊኑክስ ስርጭቶች (ሊኑክስን ከብዙ ፕሮግራሞች ጋር አሽገው በሚያቀርቡት) ውስጥ ማሸግ፣ ማስተማር። ቀጥሎ «አስቀድማችሁ ጠይቁን»፦ በምርት ስም ውስጥ ማስገባት፣ በተለወጠ ሶፍትዌር ላይ መለጠፍ።

ለንግድ መጠቀምን ወይም መለወጥን የሚከለክል ፈቃድ በሎጎው ፋይል ላይ አታድርጉ። እንደ ዴቢያን ያሉ ስርጭቶች እንዲህ ያለውን ፋይል ነጻ ብለው አይቀበሉትም። የፋየርፎክስ ጉዳይ ይህን ያስተምራል፦ የሎጎው ፈቃድ ነጻ ስላልነበረ ዴቢያን አወጣው፤ ሞዚላ ደግሞ ስሙ ያለ ሎጎው እንዲቀርብ አልፈቀደም፤ ከ2006 እስከ 2016 አሳሹ በዴቢያን ላይ አይስዊዝል ተብሎ ቆየ። ዴቢያን ለራሱ የመረጠው መፍትሔ ደግሞ ሊቀዳ የሚገባው ነው፦ ቀዩን ጥምዝ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቅዶ፣ ጠርሙስ የተጨመረበትን ሌላ ቅርጽ ለይፋዊ ሥራ ብቻ አስቀርቷል።

መመሪያውን ከማጽደቃችሁ በፊት ረቂቁን ለማኅበረሰቡ አሳዩና ጊዜ ስጡ፤ በሰዎች ተለምዶ የቆየን ነገር የሚከለክል ዓረፍተ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው። የረስት ፋውንዴሽን በ2023 ረቂቅ ፖሊሲ ሲያቀርብ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ወደ ማሻሻል ተመልሷል። በረቂቅ ደረጃ መሆኑ ጠቀመ።

ከሠዓሊው ጋር ያለው ስምምነት አራት ነገር ይያዝ፦ መብቱ ማን ጋር እንደሚቀር፣ በየትኛው ፈቃድ እንደሚለቀቅ፣ ምንጭ ፋይሎቹ እንደሚሰጡ፣ ስሙ እንዴት እንደሚጠቀስ። የቢስቲ የቅጂ መብት የአንድ ግለሰብ፣ የማርሻል ከርክ ማኩዚክ ነው፤ እሱ የሚታወቅና የሚገኝ ሰው ስለሆነ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። የእናንተ ሠዓሊ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢሜይሉን ሊቀይር ይችላልና በጽሑፍ ያዙት።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ከምስል መሸጫ ድረ ገጾች የተገዛ ሥዕል ለሎጎነት እንዳይውል ብዙዎቹ ፈቃዶች ይከለክላሉ። ገዝታችሁታል ማለት ሎጎ ልታደርጉት ትችላላችሁ ማለት አይደለም።

⚠ ማስጠንቀቂያ፦ ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ሥዕል ላይ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ መብት አይመዘግብም፤ የሰው ፈጠራ ይጠይቃል። የሌላችሁን መብት ደግሞ በፈቃድ መስጠት አትችሉም። ሐሳብ ለማነሣሣት ተጠቀሙበት፣ የመጨረሻውን ግን ሰው ይሣለው።

ደረጃ 8፦ ፈትኑት

ፕሮጀክቱን ለማያውቁ አምስት ሰዎች ሎጎውን ለሦስት ሰከንድ አሳዩና ደብቁት። በወረቀት ላይ ከአእምሯቸው እንዲሥሉት ለምኗቸው። የሥዕል ችሎታቸውን አትዩ፤ አምስቱም የያዙት ነገር አንድ መሆኑን እዩ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ከሣሉ ተሳክቷል። ቀጥሎ «ምንን አስታወሳችሁ?» በሉ። ሁለት ሰው የሌላ ድርጅት ስም ከጠራ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ለማስኮት ፈተናው ሌላ ነው። የገጸ ባሕርዩን ገጽ ለሌላ ሠዓሊ ስጡና «ብስክሌት ሲነዳ ሣለው» በሉት፤ ሌላ ምንም አታስረዱ። ሥዕሉ ሲመጣ ገጸ ባሕርያችሁን ካወቃችሁት ገጹ ይሠራል። ካላወቃችሁት የጎደለው ገጹ ላይ ነው እንጂ ሠዓሊው ላይ አይደለም።

ደረጃ 9፦ አኑሩትና ልቀቁት

በሪፖዚተሪው ውስጥ ለምልክቶች ብቻ አንድ ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ ኤስቪጂዎቹ፣ የወጡት ፒኤንጂዎች፣ የፈቃድ ፋይል፣ የገጸ ባሕርዩ ገጽና አጭር የአጠቃቀም ማስታወሻ ይኑሩ። የኮዱ ፈቃድ ከሥዕሉ ፈቃድ የተለየ ስለሆነ የፈቃድ ፋይሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ሰው ሥዕሉም በኮዱ ፈቃድ የተለቀቀ ይመስለዋል። ሁሉንም ቦታ በአንድ ቀን ቀይሩ፤ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ዝርዝር አሁን የሥራ ዝርዝር ይሆናል። ፕሮጀክቱን በሚያስተዋውቀው የሪድሚ ፋይል ላይ ለምስሉ አማራጭ ጽሑፍ መጻፍ አትርሱ፤ ማየት የተሳነው ተጠቃሚ የሚሰማው እሱን ነው።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

ማስኮቱን በስሕተት መልእክት ላይ ማስቀመጥ። ገጹ አልተገኘም ለሚል መልእክት ይሆናል። ፋይሉ ለጠፋበት ሰው ግን የሚስቅ እንስሳ ማሳየት ያስቀይማል፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ምን እንደጠፋና እንዴት እንደሚመለስ ነው።

የሌላ ፕሮጀክት ማስኮት ላይ ባርኔጣ ጨምሮ የራስ ማድረግ። ፈቃዱ ቢፈቅድም ሰው የዚያ ፕሮጀክት ክፍል ትመስሉታላችሁ፣ ጥያቄውንም ወደ እነሱ ይወስዳል።

የሎጎውን ፎንት ፈቃድ አለማየት። ለግል ብቻ የተፈቀዱ ፎንቶች ብዙ ናቸው።

በየቅጂው ሎጎ መቀየር። ለየቅጂው አዲስ ነገር ካስፈለገ የማስኮቱን ልብስ ቀይሩ፣ ሎጎውን ተዉት።

ሥዕል ተልኮላችሁ ከሆነ

መጀመሪያ ላይ ያነሣኋቸው ሰዎች የት እንደሚጀምሩ ይቸግራቸዋል፤ ሥዕሉ መጥቷል፣ ውሳኔ ገና ነው፣ የላከው ሰው መልስ እየጠበቀ ነው። ዝም አትበሉ፣ «እንቀበላለን» ብላችሁም አትቸኩሉ። እንዲህ ብላችሁ ዛሬ ጻፉለት፦

«ሥዕልህ ደርሶናል፣ ቡድኑ ሁሉ ወዶታል፤ እናመሰግናለን። ሎጎና ማስኮት እንዴት እንደምንይዝ ገና እየወሰንን ስለሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንሰጥሃለን። እስከዚያ ሁለት ነገር ብትነግረን ይረዳናል፦ ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ራስህ ነው የሠራኸው? በክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 ቢለቀቅና ሌሎች ሰዎች ቢለውጡት ትስማማለህ? ማስኮት ለማድረግ ከወሰንን ከጎንና ከጀርባ የሚያሳይ ገጽ አብረንህ እንሠራለን፤ ካልወሰንንም ሥዕልህን በስምህ በአበርካቾች ገጽ ላይ ብናወጣው ደስ ይለናል።»

ለሴት ወይም በአክብሮት ለምትጠሩት ሰው አባባሉን አስተካክሉ። መልሱ ሲመጣ ኢሜይሉን ከፈቃድ ፋይሉ ጋር አስቀምጡና ደረጃ 1ን ጀምሩ።